ወጣቱ ሲከስር ማን ይሸከማል? ፖሊሲ፣ ልግስናና የሽርክና ካፒታል ከሰላ ድንጋይ ሲታዩ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ በሰላ ድንጋይም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ልጁ ካላለፈ ምን ይሁን?» የሚል። ጥያቄው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ፈተናውን ከወሰዱት መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። ቁጥሩ ከፍ እያለ ቢመጣም ከ10 ተፈታኞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ዛሬም ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚያስገባውን ነጥብ አያገኙም።

እነዚህ ወጣቶች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይመለሳሉ። የወላጅ ማሳ ግን ለሁሉም አይበቃም፤ ለአባት የተሰጠው መሬት ለልጆች ሲከፋፈል እጅግ ያንሳል። በመሆኑም የወጣቱ ዕጣ በሌሎች ሦስት እጆች ላይ ይወድቃል። አንደኛው ትምህርትንና ሥራን በሕግ የሚቀርጸው የመንግሥት ፖሊሲ ነው። ሁለተኛው ሳይመለስ የሚሰጥ የልግስና ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ትርፍና ኪሳራን ተካፍሎ የሚገባ የሽርክና ካፒታል፣ በሰፊው አጠራሩ ቬንቸር ካፒታል ነው። ሦስቱም «ለወጣቱ» ይላሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር፣ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ፖሊሲ ሲሳሳት የሚከፈለው በዕድሜ ነው

የትምህርት ፖሊሲ ስሕተት በገንዘብ ብቻ አይተመንም። አንድ ልጅ 12 ዓመት ተምሮ ያለ በቂ ዕውቀት ሲወጣ የጠፋው ዕድሜው ነው፤ ያም አይተካም። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን አስቀድሞ የተረዳበት አጋጣሚ በታሪክ ተመዝግቧል። በ1964 ዓ.ም የተጠናቀቀው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ውስን የነበረውን የአገሪቱን ሀብት ለብዙኃኑ ለማዳረስ ሲል ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስል ነበር። ወላጆችና መምህራን ግን «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ወደ ሞፈሩ ይመለስ፤ የባለጸጋ ልጅ ይቀጥል» የሚል ፍርድ አድርገው ተረዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጥናት ሲሆን፣ መንግሥትም ተግባራዊነቱን ለማቆም ተገደደ። በመስከረም 1967 ዓ.ም ደግሞ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ የወጣው የ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተደራሽነትን አስፋፍቷል። በደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ መቋቋሙም የዚያ የመስፋፋት ዘመን አካል ነው። ይሁን እንጂ ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር መስፋፋቱና ጥራቱ አብረው እንዳልተጓዙ በግልጽ ታየ። የትምህርት ሚኒስቴር ለዚህ የሰጠው መልስ የማካካሻ ትምህርት፣ የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተናና 6-2-4 የተሰኘው አዲስ የትምህርት መዋቅር ነው። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ በችግሩ ላይ ሌላ ችግር ጨምሯል።

የፈተና ቁጥጥር መጥበቁ ተገቢ ነው። ሚዛን ግን የጎደለውን ያሳያል እንጂ አይሞላም። ውጤቱ በይፋ የሚነግረን ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን ነገር ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተማሪው ብቻ ነው። መምህሩ ደመወዙን፣ ቢሮው በጀቱን፣ ፖሊሲ አውጪው ወንበሩን ይዞ ይቀጥላል። ከሦስቱ እጆች ኪሳራውን ሙሉ በሙሉ ወደ ወጣቱ የሚያስተላልፈው፣ ሳይታሰብበት፣ ይኸኛው ነው።

ልግስና፦ ከቆሎ ተማሪ እስከ ዓለም አቀፍ ፋውንዴሽን

ለወጣት ትምህርት መስጠት በዚህ ምድር አዲስ አይደለም። ሰላ ድንጋይ ጥንታዊ የትምህርት ስፍራ ናት። ከ200 ዓመት በፊት የሸዋው ሣህለ ሥላሴ አባታቸው መርዕድ አዝማች ወሰን ሰገድ በተገደሉ ጊዜ ገና ወጣት ሆነው በዚሁ በሰላ ድንጋይ ገዳም በትምህርት ላይ እንደ ነበሩ፣ ሥልጣኑንም በእናታቸው ዘመዶች ድጋፍ እንደ ያዙ ይነገራል። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅም መቀመጫቸውን እዚሁ አድርገው አካባቢውን አስተዳድረዋል። በዚያ ዘመን ለደብተራውም ለካህኑም ትምህርት የሚወጣውን ወጪ የሚሸፍነው ገበሬው ነበር። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ላለ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ እማወራ ቤት የዛሬው ቋንቋ «የትምህርት ዕድል» የሚለውን ትሰጥ ነበር። በምላሹ የምትጠይቀው ሰነድም ትርፍም አልነበረም።

የዘመኑ ልግስና መጠኑ ሰፍቷል። በ2006 እ.ኤ.አ የተመሠረተው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኘው ማስተርካርድ ፋውንዴሽን «ያንግ አፍሪካ ወርክስ» በተባለ መርሐ ግብሩ እስከ 2030 እ.ኤ.አ በአፍሪካ ለ30 ሚሊዮን፣ በኢትዮጵያ ብቻ ለ10 ሚሊዮን ወጣቶች ክብር ያለው ሥራ የማመቻቸት ዕቅድ ይዟል። በክልላችንም ይኸው ፋውንዴሽን ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በተለይ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት የሰጠና 450 ተማሪዎችን ለማስተማር የታቀደ የ10 ዓመት ፕሮግራም በ2017 እ.ኤ.አ ጀምሯል።

የልግስና ብርታቱ ኪሳራውን ራሱ መሸከሙ ነው። ተማሪው ሳይሳካለት ቢቀር ማንም መጥቶ «መልስ» አይለውም። ስለዚህም የአካል ጉዳተኛን ትምህርት የመሰለ፣ ትርፍ ፈላጊ የማይነካውን፣ የመንግሥት በጀትም በበቂ የማይደርስበትን ጉዳይ ሊደፍር ይችላል። ድክመቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዘመን አለው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል። ሁለተኛ፣ ተጠያቂነቱ ለሰጪው እንጂ ለተቀባዩ አይደለም። የሰላ ድንጋይ ገበሬ ለወረዳው ምክር ቤት አቤት ሊል ይችላል፤ ቶሮንቶ ላለ ቦርድ ግን ድምፁን የሚያሰማበት መንገድ የለውም። የቆሎ ተማሪው ሥርዓት ለዘመናት የጸናው ሰጪዋና ተቀባዩ በአንድ መንደር ስለሚተያዩ ነበር።

ብድር በወጣት ስም፣ ዋስትና በአባት መሬት

በልግስናና በሽርክና መካከል ለአብዛኛው የገጠር ወጣት በእውነት የደረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ብድር። በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት፣ ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች በየክልሉ የብድር ተቋማት በኩል እንዲደርስ ተደርጓል። በክልላችን ይህን ያከናወነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ነው። ፈንዱ «ተዘዋዋሪ» የተባለው የመጀመሪያው ቡድን የመለሰው ለቀጣዩ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ይሁንና በብዙ አካባቢዎች ብድሩ በወቅቱ ሳይመለስ በመቅረቱ መዘዋወሩ ተደናቀፈ።

ለዚህ ወጣቱን «ሰነፍ» ማለት የተለመደ ቢሆንም ሒሳቡ ሌላ ነገር ያሳያል። ለምሳሌ ያህል አምስት ወጣቶች ለአራት ወር በግ ለማድለብ 400 ሺህ ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበደሩ እንበል። በ8 ሺህ ብር ሒሳብ 40 በጎች በ320 ሺህ ብር ገዙ፤ ቀሪው 80 ሺህ ለመኖና ለሕክምና ወጣ። የአራት ወሩ ወለድ 20 ሺህ ብር ነው፤ ስለዚህ ዕዳቸው 420 ሺህ ይሆናል። እያንዳንዱን በግ በ11 ሺህ ቢሸጡ 440 ሺህ ያገኛሉ። የአራት ወር ድካማቸው ዋጋ 20 ሺህ ብር፣ ለአንዱ 4 ሺህ ማለት ነው። ከ40ዎቹ 10ሩ በበሽታ ቢሞቱባቸው ግን የሚያገኙት 330 ሺህ ብቻ ሲሆን 90 ሺህ ብር ይጎድልባቸዋል፤ ለአንዱ 18 ሺህ ይደርሰዋል። ሁለቱ ወደ አዲስ አበባ ቢሰደዱ በጋራ ዋስትናው መሠረት የቀሩት ሦስቱ 30 ሺህ 30 ሺህ ብር ይከፍላሉ። እዚህ ላይ ጠፍቶ የሄደው ተጠቀመ፤ ታምኖ የቀረው ተቀጣ።

አደጋው በዚህ አያበቃም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና የማስያዝ መንገድ ከፍቷል። ለደኅና ገበሬ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ያለ ንብረት የቀረው ሰው በእጁ ባለው ደብተር የባንክ በር ያንኳኳበታል። ይሁን እንጂ አባት ለልጁ የማድለብ ሥራ ሲል ደብተሩን ሲያስይዝ የልጁ ንግድ ኪሳራ ወደ ቤተሰቡ ማዕድ ይገባል። ባንኩ አበድሮ፣ መንግሥት «ሥራ ፈጠርኩ» ብሎ ቆጥሮ፣ ኪሳራው ግን በሽማግሌው አባት ማሳ ላይ ያርፋል።

ሽርክና፦ ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው ካፒታል

ቬንቸር ካፒታል የሚለው ቃል ባዕድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለሸዋ ገበሬ ባዕድ አይደለም። እኩል የሚያርስ ሰው የመሬቱን ባለቤት የሚከፍለው ከምርቱ ነው፤ በረዶ ቢመታው «ኪራዬን አምጣ» የሚለው የለም። በግ ለርቢ የሰጠ ሰው ግልገሉን ይካፈላል፤ እናቲቱን ነብር ቢበላት ኪሳራው የሁለቱም ነው። የቬንቸር ካፒታል መሠረተ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ባለ ገንዘቡ አያበድርም፣ ድርሻ ይገዛል።

ዘመናዊውን መልክ ያስያዙት ጆርጅ ዶሪዮ የተባሉ በፈረንሳይ የተወለዱ የሃርቫርድ መምህር ናቸው። በ1946 እ.ኤ.አ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በቦስተን ከተማ ካቋቋሙት ሰዎች ጋር የመሩት ኩባንያ ባንክ ለማያምናቸው ጀማሪ ድርጅቶች ገንዘብ በድርሻ መልክ ያቀርብ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ ለአንድ ጀማሪ የኮምፒውተር ድርጅት 70 ሺህ ዶላር አውጥቶ 70 በመቶ ድርሻ ገዛ፤ ከ10 ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ያ ድርሻ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ አወጣ። ዶሪዮ በዚያው በ1957 እ.ኤ.አ ዛሬ ኢንሲያድ ተብሎ የሚታወቀውን የፈረንሳይ የንግድ ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ለእርሳቸው ማስተማርና ገንዘብ ማቅረብ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽ ነበሩ።

በአገራችን ወደዚህ የሚቀርበው የሥራ ጉዞ የዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ነው። በእህል ገበያ ላይ ባደረጉት ጥናት ጀምረው፣ በዓለም አቀፍ የጥናትና የልማት ተቋማት ሠርተው፣ በ2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል። በኋላም «ብሉሙን» የተሰኘ፣ በግብርናና ተያያዥ ዘርፎች የሥራ ሐሳብ ያላቸውን ወጣቶች አሠልጥኖ የመነሻ ካፒታል በድርሻ የሚያቀርብ ማዕከል አቋቁመዋል። የጉዞው ትምህርት ግልጽ ነው። ፖሊሲና ገበያ ቢስተካከሉም ወጣቱ የሚነሣበት ገንዘብ ካላገኘ ዋጋ የላቸውም፤ ገንዘቡም ያለ ሥልጠና ቢሰጥ ይባክናል።

ወደ በጎቹ ምሳሌ እንመለስ። 400 ሺህ ብሩ ብድር ሳይሆን ሽርክና ቢሆን፣ ባለ ገንዘቡ ከትርፉ 40 በመቶ፣ ወጣቶቹ 60 በመቶ ቢካፈሉስ? በመካከለኛው ዓመት ትርፉ 40 ሺህ ስለሆነ ወጣቶቹ 24 ሺህ፣ እያንዳንዱ 4 ሺህ 800 ብር ያገኛል፤ ከብድሩ ጥቂት ይሻላል። 10 በጎች በሞቱበት ዓመት ባለ ገንዘቡ 330 ሺሁን ይወስዳል፤ ወጣቶቹ ድካማቸው ይቀራል እንጂ ዕዳ የለባቸውም። በግ ለፋሲካ 14 ሺህ በሚያወጣበት ጥሩ ዓመት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብድር ቢሆን ለአንዱ 28 ሺህ ብር ይደርስ የነበረው በሽርክና 19 ሺህ 200 ይሆናል። ሽርክና ነጻ ስጦታ አይደለም፤ የክፉውን ዓመት ዋስትና በጥሩው ዓመት ትርፍ መግዛት ነው።

ለምን እስከ ሰላ ድንጋይ አይደርስም?

እዚህ ላይ ሐቁን መደበቅ አይገባም። የቬንቸር ካፒታል ድርጅት 40 በግ ለሚያደልብ ማኅበር ብሎ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አይመጣም። አሠራሩ በብዙ ድርጅት ከስሮ በአንዱ እጥፍ ድርብ ማትረፍ ስለሆነ የሚፈልገው በፍጥነት የሚያድግ ሥራ ነው። በተጨማሪም ድርሻውን በመጨረሻ የሚሸጥበት ገበያ ይሻል፤ በአገራችን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ገና በ2017 ዓ.ም ነው። ሰላም በሌለበት አካባቢም ማንም ባለ ገንዘብ ለአምስት ዓመት ተስፋ አያደርግም።

ስለዚህ ለአካባቢው የሚበጀው ትልቁን ካፒታል መጠበቅ ሳይሆን የሽርክናውን ሐሳብ ወደ ራስ አቅም ማውረድ ነው። መሠረቱ አለ። በ2011 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና የብቅል ፋብሪካ ያሉባት ደብረ ብርሃን ቅርብ ናት፤ የቢራ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ የደጋ በግና ከሱፉ የሚሠሩት ባናና ዝተት በእጅ ያሉ ሀብቶች ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች አሉ። በአዲስ አበባና በውጭ የሚኖሩ ተወላጆች አሉ፤ እነዚህ እስከ ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመንገድና ለትምህርት ቤት ሲሰጡ ኖረዋል። ከዚያው ገንዘብ ጥቂቱ በድርሻ መልክ ለወጣቶች መኖ ማቀነባበሪያ ወይም ለገብስ ማበጠሪያ ቢውል፣ ባለ ድርሻውና ወጣቱ ልክ እንደ ቆሎ ተማሪውና እንደ እማወራዋ የሚተዋወቁ ይሆናሉ።

ሕጉም በር ከፍቷል። በ2013 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ሐረግ ትርጉሙ ድርጅቱ ቢከስር ባለቤቱ የሚያጣው ያዋጣውን ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ጥበቃ ግን ወጣቱ ወይም አባቱ በግል ዋስትና ከፈረሙ ዋጋ ያጣል። ሕጉ የሰጠውን ከለላ ፊርማ ይወስደዋል።

ከመፈረም በፊት

ከዚህ ትንታኔ ለወላጅም ለወጣትም የሚወጣ ቁም ነገር አለ። ማንም «ለወጣቱ» ብሎ ሲመጣ በቅድሚያ የሚጠየቀው የገንዘቡ መጠን መሆን የለበትም። ገንዘቡ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ሥራው ቢከስር ማን ምን ያጣል? ከቡድኑ አንዱ ቢጠፋ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? የአባት የመሬት ደብተር በውሉ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ሰጪው ሲሄድ ሥራው በማን ይቀጥላል? የእነዚህ መልስ በጽሑፍ ካልቀረበ መፈረም አይገባም።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎችም ጥያቄ አለ። ሥራ የተፈጠረለት ወጣት ሲቆጠር በምዝገባው ቀን ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ከዕዳ ነጻ ሆኖ በሥራው ላይ መኖሩ ሊቆጠር ይገባል። የትምህርት ጽሕፈት ቤትም የ12ኛ ክፍልን ውጤት የተማሪ ውድቀት ብቻ አድርጎ ከመለጠፍ ይልቅ በትምህርት ቤቱ ምን እንደ ጎደለና ማን እንደሚያስተካክለው ለወላጆች በስብሰባ ቢያስረዳ ከኪሳራው ድርሻውን መሸከም ጀመረ ይባላል።

እኩል ያረሰ ሁሉ እንደሚያውቀው ሽርክና የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ለአንድ ዝናብ ሲጸልዩ ነው። እስከ ዛሬ ለወጣቱ በተዘረጋው ብዙ ውል ዝናቡን የሚጠብቀው ወጣቱና አባቱ ብቻ ናቸው። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ የገንዘቡ መብዛት ብቻውን «ልጁ ካላለፈ ምን ይሁን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።